በዘይና ጣሪያ ላይ አሥራ አንድ መብራት

ቤትህ እንግዳ ገብቶ ገና ከመቀመጡ «ምን ችግር አለባችሁ?» ብሎ ቢጠይቅህ ምን ትመልስለታለህ? አንተን ነው፤ ይህን የምታነበውን። የጣሪያህን ቀዳዳ ታሳየዋለህ? ልጅህ ትናንት ራቱን ሳይበላ መተኛቱን ትነግረዋለህ? ወይስ «አልሐምዱሊላህ፣ ምን ችግር አለ፣ አንተ እንዴት ነህ?» ብለህ ውሃ ታቀርብለታለህ? ውሃ የምታቀርብ ከሆንክ የእኛ ሰው ነህ፤ ከዚህ በታች የምጽፈው አንተም ቤት ሊደርስ ይችል ነበር። ችግርህን የምትዘረግፍ ከሆንክ ግን ወይ ስታድግ እንግዳ አልመጣባችሁም፣ ወይ እናትህ ቆንጥጣህ አታውቅም።

ነገሩ የሆነው ከሚሴ ነው፤ ከመናኸሪያው በታች፣ ወደ ቦርከና ወንዝ በሚወርደው የኪራይ ቤቶች መደዳ። እኔ ከመደዳው መግቢያ እኖራለሁ፤ ከማስተማር ሥራ ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመቴ ነው። ሰፈራችን መብራት አልገባለትም የሚል ካለ ይዋሻል። ምሰሶው ቆሟል፣ ሽቦው ተዘርግቷል። ቆጣሪው ግን የአከራዩ ነው፤ አከራዩ ደግሞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን የእኛን መስመር ያጠፋል። ለምን ሲባል «ያከራየኋችሁ ክፍል ነው፣ ፀሐይ አላከራየሁም» ይላል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት መጥተው ውሃ ይቀዳሉ፣ ታናሽ ያዝላሉ፣ ይላላካሉ፤ ደብተር የሚገልጡበት ሰዓት ሲደርስ አከራዩም ማብሪያ ማጥፊያው ጋ ደርሷል።

ባለፈው ዓመት መስከረም አንድ ድርጅት መጣና ከመደዳችን አሥራ አንድ የተቸገሩ ልጆች መረጠ። ለእያንዳንዳቸው አንድ የሶላር መብራት፣ ደርዘን ደብተርና የቅዳሜ ጠዋት የማጠናከሪያ ትምህርት ሰጠ። የሚመሰገነውን አመሰግናለሁ፤ መብራቶቹ ጥሩ ናቸው፣ የቅዳሜዎቹ መምህራንም ሥራቸውን የሚወዱ ወጣቶች ናቸው። ከመብራቱ ጋር አንድ ወረቀትም ነበረ። «መብራቱ በተጠቃሚው ልጅ ቤት ብቻ ይቀመጣል፤ ልጁ በራሱ ጠረጴዛ ላይ ያጠናበታል» ይላል። በራሱ ጠረጴዛ! በመደዳችን ያለውን ጠረጴዛ ሁሉ ብትሰበስበው አንድ ተኩል አይሞላም፤ ግማሿም የእኔ ናት፣ አንድ እግሯ ጡብ ነው። እናቶቹ ወረቀቱ ላይ የጣት አሻራ አኖሩ። እኔም አንብቤው ሳቅሁና ተውኩት። መሳቄ ስህተት ነበር።

መብራቶቹ በፀሐይ ነው የሚሞሉት። ከመደዳው በስተምዕራብ ግን አዲስ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ አለ፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ጥላው ሌሎቹን ቤቶች ሁሉ ይውጣል። እስከ ማታ ፀሐይ የማይለየው የመጨረሻው ቤት ብቻ ነው፤ የዘይና ቤት። ዘይና ባሏ የሞተባት፣ መናኸሪያው በር ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ናት። ከአባቷ ከሸህ ጀይሉና ከልጇ ከዓፊያ ጋር ትኖራለች። ስለዚህ አሥራ አንዱም መብራት ጠዋት ጠዋት የዘይና ጣሪያ ላይ ይወጣል። ልጆቹ እንዳይምታታባቸው በነኢማ የጥፍር ቀለም ቁጥር ጽፈውባቸዋል። ነኢማ ጎረቤት ናት፤ የሦስት ልጆች እናትና የሰፈሩ ሬዲዮ።

ማታ ማታ መብራቱን ይዞ ወደየቤት መሄድ ይቻል ነበር። የቀረው በሸህ ጀይሉ ምክንያት ነው። ሸሁ ጨፋ ውስጥ አርባ ዓመት ቁርዓን ያስቀሩ፣ ያስተማሩ ሰው ናቸው። በእሳቸው ጊዜ ደረሶች፣ የቁርዓን ተማሪዎቹ፣ አንድ እሳት ዙሪያ ክብ ሠርተው ነው የሚማሩት። ትልቁ የትንሹን ያዳምጣል፤ የመጨረሻው ልጅ ሳይወጣለት ማንም አይነሳም። በመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹ መብራታቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ሸሁ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ዘርግተው ጠበቋቸው። «ኮቱ፣ ኑ ተቀመጡ» አሏቸው። «እሳት እየተካፈሉ ወደየቤት ይዞ መሄድ የጎረቤት ምቀኛ ሥራ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመግሪብ እስከ ዒሻ የዘይና ግቢ ትምህርት ቤት ሆነ። ገመድ ተወጠረ፤ ሦስት መብራት ገመዱ ላይ ይንጠለጠላል፣ ስምንቱ ያርፋል። ደመና በዋለ ቀን ያረፉት ይወጣሉ። አንድም ምሽት ጨልሞባቸው አያውቅም። እያንዳንዱ የራሱን ብቻ ቢይዝ ክረምት ላይ ግማሾቹ በጨለማ ይቀመጡ ነበር። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ጣሪያ ላይ መውጣት ብቻ ይበቃል።

ሸህ ጀይሉ ሒሳብም ሳይንስም አላስተምርም አሉ። ሥራቸው አንድ ነበር፦ አለመረዳት። ልጅ የተማረውን ለእሳቸው ያስረዳል፤ እሳቸው ራሳቸውን ነቅንቀው «ናፍ ሂንገሌ» ይላሉ፣ አልገባኝም። ልጁ በአማርኛ ይሞክራል። «ናፍ ሂንገሌ።» በኦሮምኛ ይሞክራል። «አሁን ትንሽ ገባኝ፤ ግን ጫፉ ጠፋኝ።» ልጁ ተበሳጭቶ መሬት ላይ በእንጨት ይስላል፣ ጓደኛው ያግዘዋል፣ ሦስተኛው ይስቅበታል። ሸሁ «አሃ» ሲሉ ልጁ ራሱም ገብቶታል።

አሁን ዓፊያን ላስተዋውቅ፤ ነገሩ ሁሉ የእሷ ነውና። ዓፊያ ካቻምና፣ መብራቱ ከመምጣቱ በፊት፣ የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ወድቃለች። የጣላት ሒሳብ ነው። ባቲ የጨርቅ ሱቅ ያለው አጎቷ ሙኽታር በዒድ ጊዜ መጥቶ ለእህቱ ለዘይና ቁርጡን ነገራት። «አንድ ዓመት ትድገም። ካለፈች ዘጠነኛ ትግባ፤ ከወደቀች ሱቄ ትቁም። ሴት ልጅ ፈተና ስትፈተን አትሸብትም።» ክፉ ሰው አይደለም ሙኽታር፤ የእህቱ ቲማቲም ስንት አፍ እንደሚያበላ ያውቃል። ዓፊያ ፊቱ ሻዩን ቀዳችለት። ሲሄድ ግን «ባቲ ለሰኞ ገበያ ጥሩ ነው፤ ማክሰኞ ምን ይሠራበታል?» አለች። ዘይና እየሳቀች ጀርባዋን መታቻት።

ክፍልፋይ ነበር የሚያሸንፋት። አንድ ስምንተኛና አንድ ስድስተኛ ደምሪ ስትባል «ሁለት አሥራ አራተኛ» ብላ ትጽፋለች። አንድ ምሽት ክቡ ውስጥ ይህንኑ አለች።

«ናፍ ሂንገሌ» አሉ አያቷ። «አንድ ሰው ሞተ እንበል። ሃያ አራት ላም፣ ሚስት፣ እናትና አንድ ወንድ ልጅ ትቶ ሞተ። የሚስት ድርሻ አንድ ስምንተኛ ነው፣ የእናት አንድ ስድስተኛ። ሁለቱ አንድ ላይ በአንቺ ሒሳብ ስንት ላም ወሰዱ?»

ዓፊያ ለረጅም ጊዜ መሬት ላይ ጫረች። «ሦስት ላም… እና ትንሽ እግር።»

«እናትየው ብቻዋን አራት ላም አላት። የሚስቲቱን ሰርቀሽ ለማን ሰጠሽው?»

ክቡ በሳቅ ፈረሰ። ዓፊያም ሳቀች፤ ከዚያ ጫረች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጫረች። «ለሚስት ሦስት፣ ለእናት አራት። ከሃያ አራቱ ሰባት። ሰባት ሃያ አራተኛ ነው አባ!» ከዚያ ወዲያ ክፍልፋይ ባየች ቁጥር ላም ነው የሚታያት።

እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ ነበር። እኚህ ሰው በጨፋ ሸለቆ የስንቱን ሟች ውርስ በሸሪዓ ሲያከፋፍሉ የኖሩ መሆናቸው ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ጆሯቸው ሥር «ሸህ፣ እርስዎ እኮ ከእኔ በላይ ያውቁታል» አልኳቸው።

«እኔ ካወቅሁ እነሱ ለማን ያስረዳሉ መምህር?» አሉኝ።

ግንቦት ገባ። ለፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀር ጣሃ መጣ። ጣሃ የድርጅቱ ተቆጣጣሪ ነው፤ የባቲ ልጅ፣ ሰላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ጨዋ። የመጣው ከቀትር በኋላ ነው፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ እኔ ሐኪም ቤት፣ ዘይና ቲማቲሟ ላይ ነበርን። ከቤት ቤት ምን እንደተባለ የነገረችኝ ነኢማ ናት፤ የእሱንም የራሷንም ድምፅ እያወጣች።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም። መርሐባ፣ ግባ ወንድሜ። እዚህ ወንበሩ ላይ።»

«ልጆች እንዴት ናቸው?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ማታ ማታ ለጥናት የብርሃን ችግር አለባችሁ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ምን ችግር አለ። ውሃ ጠጣ፣ ፀሐዩ መታህ።»

«መብራቱስ የት አለ?»

«ዘይና ጋ ነው።»

አሥር ቤት ገባ፤ አሥር ጊዜ ውሃ ጠጣ፤ አሥር ጊዜ አልሐምዱሊላህ ተባለ፤ አሥር ጊዜ «ዘይና ጋ ነው» ሰማ። ቅጹ ላይ «የብርሃን ችግር፦ የለም» ብሎ አሥር ጊዜ ጻፈ። ከዚያ ወደ መጨረሻው ቤት ሄደና ቀና ቢል አሥራ አንድ መብራት ጣሪያ ላይ ተደርድሮ አየ። የቤቱ ባለቤት ነጋዴ ናት። ሌላ ምን ሊያስብ?

ማሰብ ይችል ነበር፤ አንድ ጥያቄ ጨምሮ። ቅጹ ላይ ግን ሌላ ጥያቄ አልነበረም።

ሸህ ጀይሉ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ የሰው ጥላ እንጂ ፊት አይለዩም። መሰላሉ ሲንቀሳቀስ ሰሙ።

«ማነህ? ምን ትለቅማለህ?»

«ከድርጅቱ ነኝ አባ። መብራቶቹን ላወርድ ነው።»

«ገና ፀሐይ አልጠገቡም እኮ። ይሁን፣ ልታጸዳቸው ነው መሰለኝ። ቆይ፣ ያ መሰላል ያንሸራትታል።» ተነስተው መሰላሉን በሁለት እጃቸው ያዙለት። አሥራ አንዱንም አውርዶ ማዳበሪያ ውስጥ ሲከት «አላህ ይርዳህ፣ አላህ ከፍ ያድርግህ» እያሉ መረቁት። ጣሃ በኋላ እንደነገረኝ ያን ቀን የከበደው ማዳበሪያው አልነበረም።

ማታ ልጆቹ መጡ፤ ገመዱ ባዶ ነው። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ ደረሰ፦ ወይዘሮ ዘይና «መብራቶችን ከተጠቃሚዎች ሰብስበው ለግል ጥቅም በማዋላቸው» እንዲሁም «በመደዳው የብርሃን ችግር አለመኖሩ በመረጋገጡ» መብራቶቹ ተመላሽ ሆነዋል። ዓፊያ ነበረች ለእናቷ ያነበበችላት። ዘይና ደብዳቤውን ተቀብላ አጠፈችና የሽንኩርት ሚዛኗ ሥር አስቀመጠችው። «እናቴም ሌባ ተብላ አታውቅም» አለች፤ ሌላ ምንም አላለችም።

እኔ ግን ብዙ አልኩ። ለድርጅቱ አራት ገጽ ጻፍኩ። በመጀመሪያው ገጽ መሃይም አልኳቸው፣ በሁለተኛው ከአከራዩ ጋር አንድ አደረግኋቸው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ላይ የጻፍኩትን ዛሬ ባነበው አፍራለሁ። መልሱ ሁለት መስመር ነበር፦ «በሥነ ሥርዓት ያልተጻፈ አቤቱታ አንቀበልም።» የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ዓፊያን ግን አንድ ገጽ አላስነበባትም።

ልጆቹ ክቡን አልበተኑም። በሁለት ኩራዝና በነኢማ ስልክ ይቀጥሉ ጀመር። የኩራዙ ጭስ ዓይን ያቃጥላል፤ ትንንሾቹ እያሳሉ አንድ በአንድ ቀሩ። ስልኩም ባሏ ሲደውል ይነሳል። ዓፊያ ከዒሻ በፊት ዓይኗ ደም መስሎ ደብተሯን ታጥፋለች። አንድ ቀን አጎቷ ሙኽታር ደውሎ ስለ ፈተናው ጠየቃት። «አልሐምዱሊላህ» አለችው። ከዚያ ስልኩን ዘግታ ደብዳቤውን ከሚዛኑ ሥር አወጣችና እንደገና አነበበችው። «የብርሃን ችግር የለም» የተባለው እንዴት እንደሆነ የገባት ያን ጊዜ ይመስለኛል።

ለፈተናው አሥር ቀን ሲቀር ጣሃ ተመልሶ መጣ። መብራት ሊመልስ አይደለም፤ እናቶቹ መብራቱን በፈቃዳቸው መመለሳቸውን በአሻራ እንዲያረጋግጡለት ነው። አመሻሽ ላይ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ነበር፤ ሁሉም ዘይና ግቢ ተሰበሰቡ። ወንበር ወጣለት፣ ውሃ ቀረበለት። የቀለም ሳጥኑን ከፈተ።

«ሳይነበብ አሻራ የለም» አሉ ሸህ ጀይሉ ከተቀመጡበት።

«ሁለት መስመር ነው አባ።»

«ሁለት መስመር ለማንበብ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

ዓፊያ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ወረቀቶቹን ተቀበለች። ሁለቱን መስመር አነበበች፤ ከሥሩ የተያያዘውን ቅጽም ቀጠለች። በአማርኛ ታነባለች፣ በኦሮምኛ ትደግመዋለች።

«ጥያቄ አራት። በቤትዎ ለጥናት የብርሃን ችግር አለ? መልስ፤ የለም። ነኢማ።»

«ማን ነው የለም ያለው?» አለች ነኢማ።

«እርስዎ ነዎት፤ እዚህ አለ።»

«እኔ?»

«የለም። ጁወይሪያ። የለም። ረቢአ። የለም…»

«ቆይ ቆይ» አለች ጁወይሪያ፤ ባሏ መናኸሪያ የሚሸከም፣ ረጅም ቀጭን ሴት። «ይሄ ሰው ቤቴ ገባ። ወንበር ሰጠሁት። ችግር አለ ወይ አለኝ። ታዲያ ምን ልበለው? ገና ውሃውን ሳይጨርስ?»

«እህቴ፣ እኔ የጻፍኩት የነገራችሁኝን ነው» አለ ጣሃ። ፊቱ ቀልቷል። «ችግር ካለ ችግር አለ ማለት ነው እንጂ።»

«የባቲ ልጅ ነህ አሉ» አለች ዘይና። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። «እናትህ በሕይወት አለች?»

«አለች።»

«ከቢሮ የመጣ ሰው ቤቷ ገብቶ ችግር አለ ወይ ቢላት ምን ትለዋለች?»

ጣሃ የቀለም ሳጥኑን ዘጋው፣ ከፈተው፣ ዘጋው።

«ምን ትለዋለች ልጄ?»

«አልሐምዱሊላህ» አለ።

«ታዲያ።»

ከዚያ ዘይና የሠራችውን ሥራ እኔ አራት ገጽ ጽፌ አልሠራሁትም። ተነስታ ጣሃ ፊት ቆመች። «ተነሳ ከወንበሩ» አለችው። ተነሳ። ወንበሩን ወስዳ ቤት አስገባች። የውሃ ብርጭቆውንም ከእጁ ተቀበለች። «ወንበር የእንግዳ ነው። እዚህ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥ፣ ከልጆቹ ጋር። ውሃ ከፈለግክ ጀሪካኑ ያውልህ፤ ራስህ ቅዳ። አሁን የቤት ሰው ነህ። አሁን ጠይቅ።»

ጣሃ ጫማውን አወለቀ፤ ካልሲው ቀዳዳ ነበር፣ ነኢማም አይታ ሳትደብቅ ሳቀች። ተቀመጠ። ቅጹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ማታ ማታ» አለ፤ እስክሪብቶውን አወጣ፤ «ማታ ማታ ለጥናት የብርሃን ችግር አለባችሁ?»

መጀመሪያ ከኋላ አንዷ «አልሐምዱሊላህ» አለች። ልማድ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ከሁሉም ዝምተኛዋ ረቢአ ናት የጀመረችው።

«የእኔ ልጅ ነዳጅ ማደያው አጥር ሥር ነው የሚያነበው። ባለፈው ሳምንት ዘበኛው አባረረው። ጋዝ ልትሰርቅ ነው ብሎ።»

«የእኔ ባል ሌሊት አሥር ሰዓት ነው ለሸክም የሚነሳው» አለች ጁወይሪያ። «በአንድ ክፍል ስድስት ነን። መብራት ከበራ እሱ አይተኛም፣ ከጠፋ ልጄ አታነብም። ማንን ልምረጥ?»

«እኛ አጎበር ተቃጥሎብናል፤ በሻማ። ልጄ ትራስ ሥር ደብቃ ስታነብ። ወላሂ የተረፍነው በአላህ ነው።»

«አከራዩስ? አከራዩን ጻፍልኝ!»

«ጣሪያውን! ፎቁን ጻፍ! ከስድስት ሰዓት በኋላ ፀሐይ እንደሌለን ጻፍ!»

«ቀስ በሉ እናቶቼ፣ ቀስ በሉ» ይላል ጣሃ። ቅጹ ሞላ። ገልብጦ በጀርባው ጻፈ። ያም ሲሞላ ለአሻራ ባመጣው ወረቀት ላይ ቀጠለ።

«እየጻፍክ ነው ወይስ እየሳልክ?» አለችው ነኢማ። «የእኔን አላየሁም።»

«ሦስተኛው መስመር ነሽ።»

«ዓፊያ፣ አንብቢልኝ። የዚህን ሰው ጽሑፍ አላምንም።»

መግሪብ ተሰገደ። ጣሃ አብሯቸው ሰገደና ሊሄድ ሲነሳ ሸሁ ያዙት። ኩራዝ ተለኮሰ፤ ልጆቹ ክብ ሠሩ። እሱም መሐል ተቀመጠ። ዓፊያ ስለ መቶኛ ልታስረዳ ጀመረች፤ አያቷ «ናፍ ሂንገሌ» አሉ። ጣሃ ሊያግዝ አፉን ከፈተና በአንድ ትንፋሽ አብራራው፤ ኮሌጅ የተማረ ሰው ነዋ። ሸህ ጀይሉ ራሳቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። «አንተ ደግሞ ከእሷ ብሰሃል። ጭራሽ አጠፋህብኝ።» ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ጣሃ እንጨቱን ከዓፊያ ተቀብሎ በኩራዙ ጭስ ዓይኑን እያሻሸ መሬት ላይ መጫር ጀመረ። ሸሁ «አሃ» ያሉለት የዒሻ አዛን ሊደርስ ጥቂት ሲቀር ነው።

በማግስቱ ከቀትር በፊት አንድ ባጃጅ መደዳው ደጃፍ ቆመ። ጣሃ ማዳበሪያውን ተሸክሞ ወረደ። ቢሮውን አስፈቅዷል? አላስፈቀደም። መሰላሉን ራሱ አቆመ፤ ሸህ ጀይሉ እንደ ቀድሞው ያዙለት። አሥራ አንዱን ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አድርጎ ደረደራቸው። ሲወርድ ዘይና ከመናኸሪያ ደረሰች። አላመሰገነችውም፣ አልወቀሰችውም። አንድ ኪሎ ቲማቲም በፌስታል ሰጠችው። «ለእናትህ» አለችው።

ሰኔ ላይ ዓፊያ ተፈተነች። ነሐሴ ውጤት መጣ። አለፈች፤ ሒሳቡን ከክፍሏ ሁለተኛ ሆና አለፈች። ከክቡ ሌሎቹ ሁለት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ሙስዐብና ሙናም አለፉ። ሙኽታር ከባቲ መጣ፤ ለዘጠነኛ ክፍል ዩኒፎርም የሚሆን ጨርቅ ይዞ። «ከሱቄ ምርጡ ነው፤ ይህን ሽጪ ልልሽ ነበር፣ ልበሺው» አላት። ያን ዕለት ግቢው ውስጥ ስንት ሰው እንደነበረ አልቆጠርኩም። ትንንሾቹ የቀሩት ሁሉ ተመልሰዋል፤ ዓፊያ ታስረዳቸዋለች፣ ሸሁ አይገባቸውም፣ ሁሉም ይስቃል። ከመደዳችን ወጥቼ መናኸሪያው ድረስ ስሄድ ሳቁ ይከተለኛል። በስድሳ አራት ዓመቴ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አልተመኘሁም።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ብዕሬን አላነሳም ነበር።

ጥቅምት ላይ በድርጅቱ ቢሮ በር አዲስ ባነር ተሰቀለ። ዓፊያ ናት። በተዋሰችው ጠረጴዛ፣ ብቻዋን፣ አንድ መብራት ከፊቷ አድርጋ ፈገግ ብላለች። «አንድ ልጅ፣ አንድ መብራት፣ አንድ ውጤት» ይላል። ለፎቶው ሲወስዷት ምን እንደሚጻፍበት አልነገሯትም። ስታየው ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም። በዚያው ሳምንት መመሪያ መጣ፦ «በአንድ ቦታ ተሰብስበው የሚገኙ መብራቶች ከእንግዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ይወረሳሉ።» መብራቶቹን የመለሰው ጣሃ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። በወረቀቶቹ ጀርባ የጻፈው ሁሉ መዝገብ ውስጥ አልገባም፤ «የብርሃን ችግር፦ የለም» የሚለው ግን እንዳለ ተቀምጧል። በእሱም ምክንያት ከእኛ በታች ያለው መደዳ፣ ቦርከና ዳር ያሉት ሃያ ሦስት ልጆች፣ ዘንድሮ ከመብራቱ ዝርዝር ወጥተዋል።

ስለዚህ መመሪያውን የፈረሙት ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣ ስምዎን እዚህ አልጽፍም፤ ፊርማዎ ያውቀዋል። ደብዳቤም አልጽፍልዎትም፤ በሥነ ሥርዓት አልተጻፈም ብለው ይመልሱታል። በቢሮዎ ሳይሆን በሕዝብ ፊት ይቅረቡ። ዘይና ወንበር አታወጣልዎትም፤ ምንጣፉ ላይ ከእናቶቹ መሐል ይቀመጡና ሁላችንም በምንሰማበት ይመልሱ፦ ከአሥራ አንዱ መብራት ዓፊያን ያሳለፋት የትኛው ነው?